ጠባሳ የሌለው ነቀላ

አንድ ሰርቨር ከፍሪቢኤስዲ 9 ወደ 10 ያሳደግኩበት ሌሊት ትዝ ይለኛል። ሥራው አልቆ፣ ማሽኑ ጠፍቶ ተነስቶ፣ የቀረኝ የመጨረሻ ፍተሻ ብቻ ነበር፦ ስሞች ወደ አይፒ አድራሻቸው በትክክል መመለሳቸውን ማየት። ጣቶቼ ሳላዛቸው «ዲግ» ብለው ጻፉ። ማሽኑ እንዲህ የሚባል ትእዛዝ የለም አለኝ። ደግሜ ጻፍኩ። የለም። «ኤንኤስሉክአፕ» አልኩ፤ እሱም የለም። መብራት ሲጠፋ ሻማው ሁልጊዜ ወደሚቀመጥበት መደርደሪያ እጅን ሰድዶ ባዶ እንጨት መዳሰስ ማለት ይህ ነው። ከዚያ «ሆስት» አልኩ። መለሰ። ያውም ለዓመታት በማውቀው አነጋገር፣ ቃል ሳይለውጥ፣ «ይህ ስም ይህ አድራሻ አለው» ብሎ።

ንዴቴ ብዙ አልቆየም። ምክንያቱን ፍለጋ የለውጦቹን መዝገብ ገለጥኩ፤ እንደገለጥኩ ነጋ። አዲስ ቤት ሲሠራ ቆሞ የሚያይ ብዙ ነው። ሰው በተኛበት ቤት ውስጥ ወደ ሠላሳ ዓመት የቆመ ምሰሶ ነቅሎ፣ ጣሪያውን ሳያዘም፣ የተኛውንም ሳይቀሰቅስ ሌላ የሚተክል ባለሙያ ግን ብዙ አይታይም። በፍሪቢኤስዲ 10 ውስጥ የተሠራው ሥራ እንዲህ ያለ ነበር።

ፍሪቢኤስዲ ከበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ዩኒክስ የተወለደ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። ሊኑክስ ላይ ከርነሉ ከአንድ ቦታ፣ ትእዛዞቹ ከሌላ ቦታ፣ ላይብረሪዎቹ ከሌላ ይመጡና አከፋፋዩ ገጣጥሞ ያቀርባቸዋል። ፍሪቢኤስዲ ግን ከርነሉንና ዋና ዋና ትእዛዞቹን በአንድ የኮድ ማኅደር ይዞ፣ አብሮ ገንብቶ፣ «ቤዝ» በሚል ስም ባንድ ላይ ያወጣል። ከቤዝ ውጭ ያለው «ፖርትስ» ይባላል፤ የፈለገ ከዚያ ይጭናል። አንድ ፕሮግራም ቤዝ ውስጥ ገባ ማለት ከማሽኑ ጋር ተወልዷል ማለት ነው። ሰው አስቦ አይጭነውም፣ ስለሌለበት ቀንም አያስብም። የቤቱ ሰዎችም ለእያንዳንዷ መስመር ተጠያቂ ይሆናሉ፤ ስህተት ከተገኘበት ማስጠንቀቂያውን የሚያወጡት፣ ጥገናውን የሚያደርሱት እነሱ ናቸው።

ስሞችን ወደ ቁጥር የሚመልሰውን ዲኤንኤስን ፖል ሞካፔትሪስ እ.ኤ.አ. በ1983 ነደፈው። ብዙም ሳይቆይ በርክሌይ ውስጥ አራት የድህረ ምረቃ ተማሪዎች ሐሳቡን ወደ ኮድ ለወጡትና ባይንድ የተባለው የስም ሰርቨር ተወለደ፤ የተነቀለው ምሰሶ እሱ ነው። በ4.3ቢኤስዲ ተጭኖ ከግቢው ወጣ፣ ዓለምንም አዳረሰ። እንግዲህ ባይንድ ለፍሪቢኤስዲ ከውጭ የመጣ እንግዳ አልነበረም፤ በአንድ ግቢ አብሮት ያደገ የሥጋ ዘመዱ ነው። ጠያቂዎቹ ትእዛዞችም ከእሱ ጋር ተጠግተው ኖሩ። ኤንኤስሉክአፕን አንድሪው ቼረንሰን ጻፈው። ዲግን ስቲቭ ሆትዝ ጻፈው፣ ሞካፔትሪስ ዲኤንኤስን በነደፈበት በዚያው የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተቋም ውስጥ።

ከሁለቱ የቱ የተሻለ እንደሆነ ከጠየቃችሁኝ አላመነታም፤ ዲግ ነው። የድሮው ኤንኤስሉክአፕ ጥያቄያችሁን ከማቅረቡ በፊት የሚጠይቀውን ሰርቨር ራሱን ስምህ ማነው ብሎ ይመረምር ነበር። ሰርቨሩ የተመዘገበ ስም ከሌለው የጠየቃችሁት ጉዳይ ምንም ይሁን ምን እንቢ ብሎ ይቆማል። በየመካከሉ የራሱን ትርጓሜ የሚያስገባ አስተርጓሚ ነው። ዲግ የሰማውን እንዳለ ያቀርባል።

ዲግ የሚያወጣውን ጽሑፍ ቀረብ ብላችሁ እዩት። አብዛኛው መስመር በሁለት የላቲን ድርብ ሰረዝ (;;) ይጀምራል። መጀመሪያ ->>ሄደር<<- የሚል፣ ከግራና ከቀኝ ቀስት የተቀሰረበት መስመር ይመጣል፤ የመልሱ ሁኔታና መለያ ቁጥሩ እዚያ ነው። ቀጥሎ ሁለት ሁለት ፊደል የሆኑ ምልክቶች አሉ፦ ኪውአር፣ ይህ መልስ ነው፤ አርዲ፣ እስከ መጨረሻ ድረስ ሄደህ ፈልግልኝ ተብያለሁ፤ አርኤ፣ ሄጄ መፈለግ እችላለሁ፤ ኤዲ፣ ፊርማውን አረጋግጫለሁ። ከዚያ ጥያቄው፣ መልሱ፣ በጉዳዩ ላይ ሥልጣን ያላቸው ሰርቨሮች፣ ተጨማሪ መረጃው በየክፍላቸው ይሰለፋሉ። ግርጌው ላይ የፈጀው ሚሊሰከንድ፣ የመለሰው ሰርቨር፣ ሰዓቱና የመልሱ መጠን በባይት።

ታዲያ ያ ድርብ ሰረዝ ለጌጥ የተቀመጠ አይደለም። የዲኤንኤስ ሰርቨሮች ስሞችን በሚያኖሩበት የዞን ፋይል ውስጥ ይህ ምልክት «ከዚህ ወዲያ ያለው ለሰው እንጂ ለማሽን አይደለም» ማለት ነው። ዲግ ድርብ ሰረዝ የማያደርግበት መስመር መዝገቡ ራሱ ብቻ ነው፦ ስሙ፣ በሰከንድ የሚቆይበት ጊዜ፣ ክፍሉ፣ ዓይነቱ፣ ዋጋው። ለምሳሌ ከሥር ሰርቨሮች የመጀመሪያውን ብትጠይቁት በመስመሩ መጨረሻ 198.41.0.4 የሚል ታገኛላችሁ። ስለዚህ ዲግ ያወጣውን ሙሉ ጽሑፍ ቆርጣችሁ ዞን ፋይል ውስጥ ብትለጥፉት ማሽኑ ያለ ችግር ያነበዋል፤ የሰው ማብራሪያውን ዘልሎ መዝገቡን ይወስዳል። ሌላም አለ። ዲግ ስምን ሲጽፍ መጨረሻው ላይ ነጥብ ያኖራል። ዞን ፋይል ውስጥ ያቺን ነጥብ የረሳ ሰው ስሙ ላይ የዞኑ ስም እንደገና ሲቀጠልበት ያየዋል፤ ሰርቨር የሚያስተዳድር ሁሉ አንድ ቀን በዚያች ነጥብ ተሰቃይቷል። ዲግ አይረሳትም። የሚያሳየው ጽሑፍ ሁሉ ተመልሶ ግብዓት መሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ነገር ያሰበ ሰው ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠውን ሌላውን ባለሙያ እያየ ነው የጻፈው።

ይህን የመሰለ መሣሪያ ለምን ከቤት ይወጣል?

ችግሩ የዲግ አልነበረም፣ የተቀመጠበት መሠረት ነበር። ባይንድ በዘመናት ውስጥ ግዙፍ ሆኗል። የራሱን ስሞች የሚያስተዳድረው ሰርቨርና የሌላውን ስም ፈልጎ የሚያመጣው ሰርቨር በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ተጣምረዋል። እንዲህ ባለ ሰፊ ኮድ ውስጥ ቀዳዳ መገኘቱ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2008 ዳን ካሚንስኪ ያጋለጠው የዲኤንኤስ ድክመት ዓለሙን ሁሉ ባንድ ቀን ለጥገና አስነሳ። በሐምሌ 2013 ደግሞ አንዲት ቅርጿ የተበላሸ ጥያቄ ባይንድን በቁሙ የምትጥል ሆና ተገኘች። ባይንድ ቤዝ ውስጥ ስለነበረ ለእንዲህ ያለው ቀዳዳ ሁሉ ፍሪቢኤስዲ የራሱን የደኅንነት ማስጠንቀቂያ አውጥቶ፣ በሚደግፋቸው ቅርንጫፎች ሁሉ ላይ ጥገና ማድረስ ነበረበት። በዚያ ላይ የሁለቱ ዕድሜ አይገጥምም። አንድ የፍሪቢኤስዲ ቅርንጫፍ ያኔ አምስት ዓመት ገደማ ይደገፍ ነበር፤ በውስጡ የተሰፋው የባይንድ ቨርዥን ግን ከዚያ ቀድሞ ሊያረጅና የሠሩት ሰዎች ሊተዉት ይችል ነበር። ያን ጊዜ ቤቱ የሌላውን ሰው አሮጌ ኮድ ብቻውን ይዞ ይቀራል። ይህ ሁሉ ሸክም የሚከፈለው ደግሞ የባይንድን ሰርቨር አንድም ቀን አስነስተው በማያውቁ ማሽኖች ላይ ነበር። አብዛኞቻችን ከባይንድ የምንነካው ዲግን ብቻ ነው።

እንግዲያው ባይንድን አውጥቶ ዲግን ማስቀረት አይቻልም ነበር? ዲግ ራሱ ትንሽ ነው፣ የቆመው ግን በባይንድ ላይብረሪዎች ላይ ነው። እሱን ለማስቀረት እነሱን ማስቀረት ያስፈልጋል፤ እነሱ ከቀሩ ደግሞ ሸክሙ አልወረደም። ጓዳውን ለማፍረስ የተነሳ ሰው መደርደሪያው ከግድግዳው ጋር የተሠራ መሆኑን ያገኘዋል።

ሥራውን የመራው ዳግ-ኤርሊንግ ስሞርግራቭ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2013 ባይንድ ከቤዝ ወጣ፤ ጥር 20 ቀን 2014 ፍሪቢኤስዲ 10.0 ይፋ ሆነ። የማደንቀው ቅደም ተከተሉን ነው። ከመንቀሉ በፊት ምትኩ ቤት ገብቶ ነበር። ከአምስተርዳሙ ኤንኤልኔት ላብስ ሁለት ነገሮች መጡ። አንደኛው ኤልዲኤንኤስ ነው፤ የዲኤንኤስን ቋንቋ የሚያውቅ ላይብረሪ። ሁለተኛው አንባውንድ ነው፤ ስም ፈልጎ ማምጣትን ብቻ ሥራዬ ብሎ የያዘ ሰርቨር። አንባውንድ 1.0 የወጣው በግንቦት 2008 ነው፣ የካሚንስኪ ግኝት ይፋ ሊሆን ሁለት ወር ገደማ ሲቀረው። ሌሎች በዚያ ሐምሌ በጥድፊያ የጨመሩትን መከላከያ፣ ማለትም እያንዳንዱን ጥያቄ ባልተጠበቀ ወደብ መላክን፣ እሱ ሲወለድ ጀምሮ ያደርገው ነበር። የተመረጠው እንጨት ደህና እንጨት ነው።

አሁን ወደ ነቀላው ራሱ እንምጣ። በፍሪቢኤስዲ ኮድ ውስጥ «ኦብሶሊት ፋይልስ» የሚባል አንድ ረጅም ፋይል አለ። ከቤዝ የወጣ ነገር ሁሉ እዚያ ይመዘገባል፤ የወጣበት ቀን ከላይ፣ ከሥሩ ለእያንዳንዱ ፋይል አንድ አንድ መስመር፣ ሙሉ መንገዱ ተጽፎ። ፕሮግራሙ ብቻ አይደለም፤ የመመሪያው ገጽ፣ የማዋቀሪያው ናሙና፣ ባዶ የሚቀረው ማውጫ ሳይቀር። ማሽኑን ከምንጭ ኮድ ያሳደገ ሰው መጨረሻ ላይ «ዴሊት-ኦልድ» የሚለውን ትእዛዝ ሲሰጥ ማሽኑ በዝርዝሩ ይሄዳል፣ በየፋይሉም ላጥፋው ወይ ብሎ ይጠይቃል። እኔ ያን ሌሊት አንድ በአንድ አዎ ስል ነበር። ዲግ ሲደርስም አዎ ብዬዋለሁ ማለት ነው፤ ሰልችቶኝ ሳላነብ አለፍኩት እንጂ ቤቱስ ጠይቆኝ ነበር።

ላይብረሪዎች ለብቻቸው ሌላ ትእዛዝ አላቸው። ከዚህ በላይ የሚያስደስተኝ የለም። አንድን ትእዛዝ ብታጠፉ የሚጎዳው የጠራው ሰው ብቻ ነው፣ ወዲያውም ያውቀዋል። ላይብረሪ ብታጠፉ ግን እሱን ተደግፎ የቆመ፣ ከፖርትስ የተጫነ፣ ምናልባት ከወር በኋላ የሚነሳ ሌላ ፕሮግራም ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ የቆዩ ላይብረሪዎች ከሌላው ጋር አብረው አይጠረጉም። መጀመሪያ የተደገፉባቸውን ፕሮግራሞች እንደገና ገንቡ፣ ከዚያ ተመልሳችሁ ኑና ላይብረሪዎቹን አጥፉ ይላል። አናጢ ድጋፍ እንጨቱን ከመንቀሉ በፊት ጣራው አዲሱ ምሰሶ ላይ ማረፉን በእጁ እየገፋ እንደሚያየው። የሰው የራሱ ፋይሎች፣ በዓመታት የጻፋቸው ዞኖች፣ ዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ቤቱ ያስገባውን ብቻ ያወጣል።

በዚያው ኮድ ሥር «አፕዴቲንግ» የሚባል ማስታወሻ አለ። የባይንድን መውጣት የሚነግረው ክፍል አጭር ነው፣ የሚያስፈልገው ሁሉ ግን አለበት። ስም ፈላጊ ብቻ ከፈለግህ ይህን አገልግሎት አስነሳ፤ ባይንድን ራሱን ከፈለግህ ፖርትስ ውስጥ አለልህ፤ ዲግና ኤንኤስሉክአፕ ወጥተዋል፣ በምትካቸው ሆስትና ድሪልን ተጠቀም፤ አይሆንልኝም ካልክ ባይንድ-ቱልስ የሚባለውን ጫን። ሰበብ አይደረድርም፣ አያሞካሽም። የሄደውንና የመጣውን፣ የሄደውን የምታገኝበትንም ቦታ ይነግርሃል።

አዲሱ ምሰሶ የቆመበትን መንገድ ደግሞ እዩ። ቤዝ ውስጥ የገባው አንባውንድ አገልግሎቱ «ሎካል አንባውንድ» ተባለ እንጂ አንባውንድ ብቻ አልተባለም። ይህ የሆነው አንድ ሰው ከፖርትስ ሙሉውን አንባውንድ ሊጭን ስለሚችል ነው፤ ሁለቱ በስም እንዳይጋጩ የቤቱ ልጅ ታናሹን ስም ወሰደ። ላይብረሪዎቹም የግል ተብለው ለብቻቸው ተቀመጡ፣ በ10.0 ውስጥ «ፕራይቬት» በሚባል ማውጫ። ከፖርትስ የሚገነባ ፕሮግራም ሳያስበው የቤቱን ቅጂ እንዳይደገፍ ነው። ባይንድን ማውጣት ያስቸገረው ብዙ እጅ ስለነካው ነበር፤ ይህኛው እንደዚያ እንዳይሆን ገና ሲገባ በር ተዘጋለት። የገባው ወደፊት የሚወጣበት ቀን ታስቦ ነው። አገልግሎቱ መጀመሪያ ሲነሳ የሚሮጠው የማዘጋጃ ስክሪፕትም እንዲሁ ጠንቃቃ ነው፤ ማሽኑ እስከዚያ ድረስ ይጠይቃቸው የነበሩትን ሰርቨሮች ከነባሩ ፋይል አንብቦ ለአንባውንድ ያስረክባል፣ የነካውን ፋይል ደግሞ ቀንና ሰዓት የተጻፈበት ቅጂ አስቀምጦ ነው የሚነካው።

ከኤልዲኤንኤስ ጋር የመጣውን የዲግ ምትክ፣ ድሪልን፣ የጻፉት ዬልተ ያንሰንና ሚክ ጊበን ናቸው። ዲግ መቆፈር ማለት ነው፣ ድሪል መሰርሰር፤ ስሙ ራሱ ለታላቁ የተሰጠ ሰላምታ ነው። መጀመሪያ ስጽፈው ጣቶቼ የዲግን ሥርዓት ይዘው ሄዱ፦ የመዝገቡ ዓይነት፣ ስሙ፣ ከዚያ በ@ ምልክት ሰርቨሩ። ተቀበለኝ። ከስሙ ብጀምር፣ ከሰርቨሩ ብጀምር ይቀበላል። የሚያወጣውም ያው ገጽ ነው። ድርብ ሰረዞቹ አሉ፣ ከግራና ከቀኝ የሚቀሰሩት ቀስቶች አሉ፣ የስሙ መጨረሻ ነጥብ አለ፣ ሚሊሰከንዱና ባይቱ ግርጌው ላይ አሉ። ልዩነቱን ለማግኘት ሁለቱን ጎን ለጎን ማንበብ ይጠይቃል፤ ዲግ «ስታተስ» በሚልበት ቦታ ድሪል «አርኮድ» ይላል፣ ዲግ የጥያቄውን መስመር በአንድ ድርብ ሰረዝ ሲጀምር ድሪል በሁለት ይጀምራል። ኮዱ አዲስ ነው። ዓይን ግን አይደናገርም። ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም እንላለን፤ ጉልቻው ሲቀያየር ድስቱ ሳይዘነበል ሲቀር ግን የቀያሪውን እጅ ማየት ነው።

የራሱ ሙያም አለው። «ቲ» ብላችሁ ብታዙት ከሥር ጀምሮ እየወረደ ያሳያችኋል። በእኛው የአገር ኮድ በ.ኢቲ የሚያልቅ ስም ስጡት፤ መጀመሪያ የሥር ሰርቨሮችን ይጠይቃል፣ እነሱ የ.ኢቲን ሰርቨሮች ይጠቁሙታል፣ እነዚያ ደግሞ የድርጅቱን፣ እያንዳንዱን እርምጃ ሲራመድ ታያላችሁ። «ኤስ» ብትሉት ከታች ወደ ላይ ይወጣል፤ የመልሱን ፊርማ ይዞ የፈረመውን ቁልፍ፣ የቁልፉን ዋስ፣ የዋሱን ዋስ እያለ ሐረግ ይቆጥራል። የሥር ዞን የተፈረመው በሐምሌ 2010 ስለሆነ ይህ የሐረግ ቆጠራ እስከ ጫፍ ድረስ የሚሄድበት ዘመን ገና መጀመሩ ነበር፣ ድሪልም ለዚያ ዘመን የተሠራ ነው። ከሁሉ ግን አንዲት ትንሽ ችሎታውን እወድለታለሁ። የመጣለትን መልስ ፋይል ላይ እንዲጽፍ ማዘዝ ይቻላል፣ ሌላ ቀን ከኔትወርኩ ሳይሆን ከዚያ ፋይል እንዲያነብም። በአየር ላይ ብልጭ ብሎ የሚያልፈውን ፓኬት ይዛችሁ፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ፣ ለሥራ ባልደረባችሁ ማሳየት ትችላላችሁ።

ስፌቱ የትም አይታይም ብል ግን አላምንበትም። ብዙ ሰው በስክሪፕቱ ውስጥ ዲግን ከ«ፕላስ ሾርት» ጋር ይጠራዋል፤ ማብራሪያ ሳይጨምር አድራሻዋን ብቻ እንዲሰጠው። በ10.0 ውስጥ የነበረው ድሪል ይህ አልነበረውም። እነዚያ ስክሪፕቶች ሁሉ ቆሙ፤ የእኔም ሁለት ቆመውብኛል። ድሪልን ጠርቶ መልሱን በሌላ ትእዛዝ መቆራረጥ ግድ ሆነ፣ ወይም ባይንድ-ቱልስን መጫን። ይህቺ ቦታ ላይ ልኩ ሳይወሰድ የተቆረጠ ይመስለኛል። ሌላም የሚታይ ስፌት አለ። ኤልዲኤንኤስ ቤት ከገባ በኋላ የኤስኤስኤች ደንበኛውም ተደገፈበት፤ የሰርቨርን ቁልፍ አሻራ በተፈረመ ዲኤንኤስ የሚያረጋግጠው አማራጭ በፍሪቢኤስዲ በነባሪነት በራ። አንድ ምሰሶ ሁለት ጣሪያ ቢሸከም ብልኅነት ነው ብዬ ነበር። ያ አማራጭ በ2023 ተመልሶ ጠፋ፤ በ2025 ደግሞ በኦፕንኤስኤስኤች ኮድ ውስጥ ይኸው አማራጭ ሲበራ ብቻ የሚከፈት ቀዳዳ ተገኘ። ጥፋቱ የኤልዲኤንኤስ አልነበረም፤ ሆኖም አማራጩን በሁሉም ላይ ማብራቱ ያኔ መልካም የመሰለ፣ በኋላ ዋጋው የታየ ውሳኔ ነው።

የፍሪቢኤስዲ ዘመድ የሆነው ኦፕንቢኤስዲ ለዚሁ ችግር በሌላ መንገድ ሄደ። የባይንድን ሰርቨር አውጥቶ ዲግን አስቀረ፤ በ2020 ፍሎሪያን ኦብሰር ዲግ የማይነካቸውን የባይንድ ኮዶች አንድ በአንድ እየለቀመ ከሥሩ አወጣቸው። ላዩ ያው ዲግ ነው፣ ውስጡ ግን ተፈልቅቆ ቀልሏል። ያም ከባድ የእጅ ሥራ ነው፣ ክብር ይገባዋል። የፍሪቢኤስዲን የምመርጠው ግን ተጠቃሚው ሁለቱንም በሮች ክፍት ስላገኛቸው ነው፤ አዲሱ በእጁ፣ አሮጌው አንድ ትእዛዝ ራቅ ብሎ፣ ከሠሪዎቹ እጅ በቀጥታና ሳያረጅ።

ከጥቂት ወራት በኋላ በሌላ ጉዳይ የዚያኑ ሰርቨር የተጠቃሚዎች ዝርዝር ሳነብ አንድ መስመር ላይ ቆምኩ። ባይንድ የሚባለው ተጠቃሚ አለ። ሰርቨሩ ድሮ በተቆለፈ ማውጫ ውስጥ ሲሠራ ይለብሰው የነበረው ስም ነው። ፕሮግራሙ ወጥቷል፣ ላይብረሪዎቹ ወጥተዋል፣ የመመሪያ ገጾቹ ወጥተዋል፤ እሱ አልተነቀለም። ከፖርትስ ባይንድን የሚጭን ሰው ሲመጣ የሚለብሰው ያንኑ ነውና። መለያ ቁጥሩ 53 ነው። ዲኤንኤስ የሚያዳምጥበት ወደብ ቁጥርም 53 ነው። አንድ ሰው ከብዙ ዓመት በፊት ሁለቱን አይቶ አስማምቷቸዋል። ወረድ ብሎ አዲሱ መጥቷል፣ አንባውንድ፣ በ59። ማንም የሌላውን ቁጥር አልወሰደበትም።